ራሱን ፍለጋ የወጣው ወጣት በጀርመን ልብ ወለድ ታሪክ

በትምህርት ቤት የሚገኝ ወጣት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። አንደኛው «ወደ ፊት ምን ትሆናለህ?» የሚለው ነው፤ ይህን ወላጅም፥ መምህርም፥ ጎረቤትም ይጠይቁታል። ሁለተኛው «ለመሆኑ እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ነው፤ ይህን ግን ማንም አይጠይቀውም፥ ሌሊት በመኝታው ላይ ሆኖ ራሱን በራሱ ይጠይቃል እንጂ። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚያዘጋጅ ትምህርት አለ፤ ፈተና አለ፤ የምስክር ወረቀትም አለ። ለሁለተኛው ግን የተዘጋጀ ክፍለ ጊዜ የለም።

በጀርመንኛ ቋንቋ የጻፉ ደራስያን ከ200 ዓመት በላይ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲመራመሩ ኖረዋል። ከዚህም የተነሣ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ቢልዱንግስሮማን የሚባል አንድ የልብ ወለድ ዐይነት ተፈጠረ። ቢልዱንግ ማለት መቀረጽ፥ መታነጽ ማለት ሲሆን፥ ሮማን ደግሞ ረጅም ልብ ወለድ ታሪክ ማለት ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጣት ነው፤ ከቤቱ ይወጣል፥ ይሳሳታል፥ ይወድቃል፥ ይነሣል፥ በመጨረሻም ራሱን ያውቃል፤ ወይም ሳያውቅ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን መጻሕፍት ታሪክ ባጭሩ እያወሳ አንድ ክርክር መመርመር ነው። ክርክሩም «ራሱን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ከወገኑና ከግዴታው የሚሸሽ ነውን? ወይስ ወደ ወገኑ የሚያደርሰውን መንገድ የሚፈልግ ነው?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ይህ ዐይነት መጽሐፍ በጀርመን አገር ለምን እንደ በቀለ ለመረዳት የአገሩን የጥንት ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ጀርመን የምንለው አገር በ18ኛው መቶ ዓመት አንድ መንግሥት አልነበረም። በመሳፍንት፥ በጳጳሳትና በነጻ ከተሞች ተከፋፍሎ ከ300 በሚበልጡ ግዛቶች ይተዳደር ነበር። ሁሉንም በስም ያስተባብር የነበረው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት መንግሥትም በ1806 ፈረሰ። ፈረንሳዊው ፓሪስ፥ እንግሊዛዊውም ሎንዶን የምትባል ታላቅ የመናገሻ ከተማ ነበረችው፤ ጀርመናዊው ወጣት ግን እንዲህ ያለች ከተማም፥ ስለ አገሩ የሚመክርበት ሸንጎም አልነበረውም። ከመኳንንት ወገን ካልተወለደም በሹመት ከፍ ማለት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ውጭ የሚከፈተው በር ቢዘጋባቸው ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ያንኳኩ ጀመር።

ሁለተኛው ምክንያት የሃይማኖት ነበር። በ1675 ፊሊፕ ያኮብ ሽፔነር የተባለ የሉተራውያን ቄስ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ እምነት በቃል መጠናት ብቻ ሳይሆን በልብ መኖር እንዳለበት አስተማረ። ፒየቲስት የተባሉት ተከታዮቹ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነቡ ነበር፤ ብዙዎቹም የነፍሳቸውን ሁኔታ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። ዛሬ ምን አሰብሁ? ለምን ተቈጣሁ? ጸሎቴስ ለምን ደረቀብኝ? እያሉ ልባቸውን መመርመር ተለማመዱ። ይህ ልማድ ከጊዜ በኋላ ከጸሎት ቤት ወጥቶ ወደ ልብ ወለድ ታሪክ ገባ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ከ1785 እስከ 1790 በአራት ክፍል የታተመው «አንቶን ራይዘር» የተባለው መጽሐፍ ነው። ደራሲው ካርል ፊሊፕ ሞሪትስ የድኻ ልጅ ነበር፤ መጽሐፉም የራሱን የልጅነት ታሪክ በሌላ ስም የሚተርክ ነው። አንቶን በልጅነቱ ለባርኔጣ ሠሪ ተቀጥሮ ደከመ። ቆይቶም በሃኖፈር ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ በየቀኑ በተለያየ ሰው ቤት በምጽዋት እየበላ ይማር ነበር። ሞሪትስ አጥብቆ የሚያሳየን ልጁን ረኀቡ ብቻ ሳይሆን የሚያበሉት ሰዎች ፊት እንዴት እንደ ጐዳው ነው። አንቶን ከኀፍረቱ ለማምለጥ በመጻሕፍትና በቴያትር ውስጥ ተሸሸገ። በመጨረሻም ትምህርቱን ትቶ ከአንድ የቴያትር ቡድን ጋር ለመቀላቀል መንገዱን ያዘ፤ ሲደርስ ግን የቡድኑ አለቃ የመጫወቻውን ልብስ ሸጦ ጠፍቶ፥ ተዋንያኑም ተበትነው አገኘ። መጽሐፉ በዚህ ላይ ያበቃል። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፍለጋው አለ፥ መድረሻው ግን የለም።

ሞሪትስ በ1786 በሮማ ከተማ ክንዱ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ ከአልጋው አጠገብ እየተቀመጠ ያስታመመው ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎቴ ነበር። ጎቴ ባለቅኔ ብቻ አልነበረም፤ በቫይማር መስፍን ዘንድ ባለሥልጣን ሆኖ የመንገድንና የማዕድንን ሥራ ሲቈጣጠር የኖረ ሰው ነው። በ1795 እና በ1796 ያሳተመው «የቪልሄልም ማይስተር የተለማማጅነት ዓመታት» የተባለው መጽሐፍ ከእሱ በኋላ ለተጻፉት ሁሉ አርአያ ሆነ። ቪልሄልም የነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ዕዳ እንዲሰበስብ ቢልከው እሱ ግን እግረ መንገዱን ከተዋንያን ጋር ተቀላቀለ፤ ታላቅ ተዋናይ የሚሆን መስሎት ብዙ ጊዜና ገንዘብ አጠፋ። ሰውን ወደደ፥ ሰውንም አሳዘነ። ኋላ ግን ጥቂት አስተዋዮች ሰዎች በሩቅ ሆነው ይመለከቱትና ይመሩት እንደ ነበር ተገለጠለት። ከስሕተት አልከለከሉትም፤ ስሕተቱን እስከ መጨረሻው ጨርሶ እንዲማርበት ተዉት እንጂ። የተለማማጅነቱ ዘመን የሚፈጸመውም ፌሊክስ የተባለው ሕፃን የገዛ ልጁ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ነው። ስለ ራሱ ብቻ ያስብ የነበረው ወጣት አባት መሆኑን ሲያውቅ ትምህርቱን ጨረሰ ማለት ነው።

ጎቴ በዚህ አላቆመም። በ1821 አውጥቶ በ1829 አስፋፍቶ ባሳተመው በሁለተኛው መጽሐፍ ቪልሄልም የቀዶ ጥገና ሐኪም ይሆናል። ያ የቴያትር ክብር የተመኘ ሰው የሰው ቍስል ማከምን ተማረ። በመጽሐፉ መጨረሻ ልጁ ፌሊክስ ከነፈረሱ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ሕይወቱ ያለፈ ሲመስል፥ ያዳነው ሌላ ሰው ሳይሆን የአባቱ የሐኪምነት ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም በጎቴ መንገድ አልተስማሙም። ኖቫሊስ በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው ወጣት ባለቅኔ የጎቴን መጽሐፍ ካደነቀ በኋላ «ለነፍስ ቦታ ያልተወ፥ የኑሮና የገንዘብ መጽሐፍ ነው» በሚል መንፈስ ነቀፈው። እሱም በበኩሉ «ሃይንሪክ ፎን ኦፍተርዲንገን» የተባለውን ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። በዚህም አንድ ወጣት በሕልሙ ሰማያዊ አበባ አይቶ፥ ያን አበባ ፍለጋ ይወጣል። ኖቫሊስ በ1801 በ28 ዓመቱ ስለ ሞተ መጽሐፉ ሳይፈጸም ቀረ፤ ወዳጆቹ በ1802 እንዳለ አሳተሙት። ሰማያዊው አበባም ከዚያ ወዲህ የማይደረስበት የነፍስ ናፍቆት ምልክት ሆነ። የሚያስገርመው ነገር ግን ይህ ሕልመኛ ባለቅኔ በሥራው የጨው ማምረቻ ባለሥልጣን ሆኖ ቀኑን በሒሳብና በማዕድን ጥናት ያሳልፍ የነበረ መሆኑ ነው።

ለዚህ ዐይነት ልብ ወለድ ስም የሰጠው ካርል ሞርገንሽተርን የተባለ ፕሮፌሰር ነው። እሱም በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ፥ ማለት ዛሬ ታርቱ በምትባለው የኤስቶንያ ከተማ፥ በ1819 ባደረገው ንግግር እነዚህ መጻሕፍት የባለታሪኩን መታነጽ እየተረኩ አንባቢውንም የሚያንጹ መሆናቸውን አስረዳ። ስሙ በሰፊው የታወቀው ግን ከ1870 ጀምሮ ፈላስፋው ቪልሄልም ዲልታይ በጽሑፎቹ ስለ ተጠቀመበት ነው።

ከጎቴ በኋላ ከተጻፉት መካከል ለክርክራችን የሚጠቅመው የስዊሱ ደራሲ የጎትፍሪድ ኬለር «አረንጓዴው ሃይንሪክ» ነው። ባለታሪኩ ሠዓሊ ለመሆን ወደ ባዕድ ከተማ ይሄዳል፤ እናቱም ባል የሞተባት ሴት ስትሆን፥ እያጠራቀመች ያላትን ሁሉ ትልክለታለች። ልጁ ግን የሥዕል ሙያው አልሆነለትም። በ1854 እና በ1855 በታተመው በመጀመሪያው ጽሑፍ ልጁ ወደ አገሩ ሲመለስ እናቱ ሞታ ያገኛታል፤ እሱም በጸጸት ይሞታል። ከዚህ በኋላ ኬለር ራሱ ከ1861 እስከ 1876 ድረስ የዙሪክ ክፍለ ሀገር መንግሥት ዋና ጸሓፊ ሆኖ አገለገለ። በ1879 እና በ1880 መጽሐፉን አሻሽሎ ሲያሳትም ባለታሪኩ አይሞትም፤ ጸጸቱን ተሸክሞ በአንድ ትንሽ አውራጃ የሕዝብ አገልጋይ ሆኖ ይኖራል። ደራሲው 15 ዓመት በሕዝብ ሥራ ከቆየ በኋላ የባለታሪኩን ዕድል መለወጡ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ወንዶች ልጆች መሆኑን እኅቶቻችን ሳያስተውሉት አይቀሩም። ወንዱ ዓለምን ሲዞር ሴቲቱ በር ዘግታ እንድትቀመጥ ይፈረድባት ነበር። በ1895 ጋብሪየለ ሮይተር የተባለች ደራሲ «ከደኅና ቤተሰብ» በሚል ስም ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ገለጠች። አጋተ የተባለችው ባለታሪክ አእምሮዋ ንቁ ነው፤ ማንበብና ማወቅ ትፈልጋለች፤ አባቷ ግን ለሴት ልጅ አይገባም ብሎ መጽሐፍ ይከለክላታል። ፍለጋዋ በር አጥቶ ወደ ውስጥ ታመቀና በመጨረሻ አእምሮዋ ተናወጠ። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ እጅግ ተነበበ፥ እጅግም አከራከረ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ በዓለም ወጣቶች ዘንድ ወደ ታወቀው ደራሲ ወደ ሄርማን ሄሴ እንመጣለን። ሄሴ በ1877 በደቡብ ጀርመን ካልቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የፒየቲስት ሚስዮናውያን ወገን ነበር፤ እናቱ በሕንድ አገር የተወለደች ነች። በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ የእኛም አገር ስም ይገኛል። የሄሴ እናት ማሪ ጉንደርት ከሄሴ አባት በፊት ቻርልስ ኢዘንበርግ ለተባለ ሚስዮናዊ ተድራ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለት ነበር፤ እሱም በ1870 ሞተ። የዚህ ሰው አባት በ1830ዎቹ ዓመታት በአድዋ የተቀመጠው፥ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፥ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው በሎንዶን ያሳተመው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ነው። ስለዚህ ሄሴ በእናቱ በኩል ያሉት ወንድሞቹ የዚያ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የልጅ ልጆች ነበሩ።

ሄሴ በ1891 ማውልብሮን በሚባለው ገዳም ወደሚገኘው የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ አገር ይህ ታላቅ ዕድል ነበር፤ መንግሥት በነጻ አስተምሮ ለቄስነትና ለመምህርነት ያዘጋጃል። ልጁ ግን ባለቅኔ ከመሆን በቀር ሌላ አልፈልግም ብሎ በ1892 ከትምህርት ቤቱ ኰበለለ። ከዚያ በኋላ ወላጆቹም እሱም ብዙ ተጨነቁ፤ በሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ተለማማጅ ሆነ፥ በመጻሕፍት መደብርም ሠራ። በ1906 ያሳተመው «ከመንኰራኵር በታች» የተባለው መጽሐፍ ከዚህ መከራ የተወለደ ነው። ባለታሪኩ ሃንስ በአገሩ ፈተና ሁለተኛ የወጣ ጐበዝ ተማሪ ነው፤ አባቱም መምህራኑም ይኰሩበታል፥ ግን ዓሣ የሚያጠምድበትንና የሚጫወትበትን ጊዜ ሁሉ ወሰዱበት። አእምሮው ደክሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማንም የሚያጽናናው አላገኘም፤ በመጨረሻም ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ይህን መጽሐፍ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ወላጆችና መምህራን ቢያነቡት ይጠቀማሉ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ብዙ የጀርመን ሊቃውንት ጦርነቱን አወደሱ። በስዊስ አገር በበርን ይኖር የነበረው ሄሴ ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በዙሪክ ጋዜጣ ላይ ጸሓፊዎች ጥላቻን ከመስበክ እንዲቈጠቡ ለመነ። ስለዚህም የአገሩ ጋዜጦች ከሓዲ አሉት። እሱ ለጀርመን የጦር ምርኮኞች መጻሕፍት እየሰበሰበ በመላክ ሥራ ተጠመደ። በ1916 አባቱ ሞተ፤ እሱም በኀዘንና በድካም ታሞ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ታከመ። ከዚህ በኋላ በ1919 «ዴሚያን» የተባለውን፥ በ1922 ደግሞ «ሲድሃርታ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ።

የሲድሃርታ ታሪክ በጥንታዊ ሕንድ የሚፈጸም ነው። የካህን ልጅ የሆነው ሲድሃርታ አባቱን ተሰናብቶ ይወጣል፤ ከባሕታውያን ጋር ይጾማል፤ ቡድሃን ራሱን አግኝቶ ትምህርቱን ያደንቃል፥ ግን ጥበብን ከሌላ ሰው አፍ መቀበል አይቻልም ብሎ ይለየዋል። ቀጥሎም በከተማ ነጋዴ ሆኖ ይበለጽጋል፥ ቍማርና ምቾት ያበላሹታል፥ ራሱን ለመግደልም ይቃጣል። በመጨረሻ ከአንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ዘንድ ተጠግቶ መንገደኞችን ወንዝ ማሻገር ይማራል። እዚያም የገዛ ልጁ ትቶት ሲኰበልል፥ እሱ በወጣትነቱ ትቶት የሄደው አባቱ ምን ያህል እንዳዘነ ያን ጊዜ ገባው። ይህ መጽሐፍ በ1951 በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ በተለይ በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ወጣቶች እጅ ሁሉ ገባ። ብዙዎቹ ግን ከቤት መውጣቱን እንጂ ጀልባ ቀዛፊነቱን ያስተዋሉት አይመስልም።

በ1924 ቶማስ ማን «አስማተኛው ተራራ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ አወጣ። ሃንስ ካስቶርፕ የተባለ ወጣት መሐንዲስ የታመመ የአጎቱን ልጅ ለመጠየቅ በስዊስ ተራራ ላይ ወዳለ የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ለሦስት ሳምንት ይሄዳል፤ ሰባት ዓመትም ይቀመጣል። እዚያ ስለ ሕይወት፥ ስለ ሞት፥ ስለ ነጻነት ይማራል፥ ይከራከራል፥ ያሰላስላል። ነገር ግን እሱ በተራራው ላይ ነፍሱን ሲመረምር ከታች ያለው ዓለም ወደ ጦርነት ይንሸራተት ነበር። በ1914 ነጐድጓዱ ሲፈነዳ ካስቶርፕ ወርዶ ወታደር ሆነ፤ መጽሐፉም በጭቃና በእሳት መካከል ትቶት ያበቃል። ማን ራሱ በ1918 የጀርመን መንፈስ ከፖለቲካ በላይ ነው የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በ1922 ግን አሳቡን ለውጦ በበርሊን ከተማ ለሪፑብሊኩ ተሟገተ።

ክርክራችን እጅግ የሚከብደው ከዚህ ላይ ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ማን ተሰደደ፥ በ1936 ዜግነቱን ተገፈፈ። በ1937 ደግሞ ጎቴ በኖረባት በቫይማር ከተማ አጠገብ፥ እሱ በሽርሽር ይመላለስበት በነበረው ኮረብታ ላይ፥ የቡኽንቫልድ ማጐሪያ ተሠራ። በዚያ ማጐሪያ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ነፍስን ስለ ማነጽ ከሁሉ ይበልጥ የጻፈ ሕዝብ ይህን እንዴት አደረገ? ማን ራሱ በግንቦት 1945 በዋሽንግተን ባደረገው ንግግር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ደጉ ጀርመንና ክፉው ጀርመን ሁለት አይደሉም አለ፤ ውስጥን ብቻ እየተመለከተ የአገር አስተዳደርን ለሌላ የተወ መንፈስ ለክፉዎች መንገድ እንደ ከፈተ አስረዳ፤ ራሱንም ከዚህ ነጥሎ አላወጣም።

ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የመጻሕፍቱ አይደለም፤ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ መጽሐፉን የዘጋው አንባቢ ነው። ምክንያቱም ከላይ እንዳየነው መንገዱ እስከ መጨረሻው ሲሄዱበት ወደ ሰው ይመልሳል። ሄሴ በዚያ በጨለማ ዘመን ሲጽፈው የኖረው፥ በጀርመን እንዳይታተም ስለ ተከለከለ በ1943 በዙሪክ የወጣው «የብርጭቆ ዶቃ ጨዋታ» ይህንኑ ያረጋግጣል። ባለታሪኩ ዮሴፍ ክኔክት ይባላል፤ ክኔክት ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ከዓለም በተለየች የሊቃውንት አገር ከፍተኛው ማዕርግ ላይ ከደረሰ በኋላ፥ ለሌላው ሰው የማይተርፍ ዕውቀት ባዶ መሆኑን ተረድቶ ማዕርጉን ይተዋል። የአንድን ወዳጁን ልጅ ለማስተማር ይሄዳል፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ልጁን ተከትሎ ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ሰጥሞ ይሞታል። ልጁም ከእንግዲህ ወዲህ ከፍ ያለ ኑሮ መኖር እንደሚገባው በዚያች ሰዓት ይሰማዋል። ሄሴ በ1946 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1962 ሞተ።

እንግዲህ እንቍጠራቸው። ቪልሄልም ማይስተር ሐኪም ሆነ። አረንጓዴው ሃይንሪክ የሕዝብ አገልጋይ ሆነ። ሲድሃርታ መንገደኛ የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ ሆነ። ክኔክት የአንድ ልጅ መምህር ሆነ። አንዳቸውም ራሳቸውን ያገኙት ራሳቸውን ብቻ በመመልከት አይደለም።

ወላጆች ልጃችሁ ብቻውን ሲቀመጥና ዝም ሲል ብታዩት ወዲያው ሰነፍ ነው አትበሉት፤ ሃንስን የገደለው ችኰላ ነውና። ወንድ ልጅ የሚፈቀድለት መጽሐፍም ለሴት ልጅ አይከልከላት። መምህራን ደግሞ ቪልሄልምን በሩቅ ይጠብቁት የነበሩትን ሰዎች አስቡ፤ የተማሪውን ስሕተት ማየትና መታገሥ ራሱን የቻለ ማስተማር ነው። እኛ ተማሪዎች ግን ከዚህ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀታችንን ይዘን ስንወጣ ሁለቱንም ጥያቄዎች አብረን ይዘን እንውጣ። «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ያልጠየቀ ሌላው ወደ ነዳው ይሄዳል፤ ይህን ብቻ ጠይቆ የቀረ ደግሞ ከተራራው ሳይወርድ ጦርነቱ ይደርስበታል። የሚያስፈልገን ጠይቀን ስናበቃ እጃችንን የምናኖርበት ሥራና የምናሻግረው ሰው መፈለግ ነው።